ቢራው ሲገነፍል፦ ኤርሎክ፣ ወፍራም ቱቦ ወይስ ትልቅ ባልዲ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከምድር ቤት «ጧ!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወርጄ መብራቱን ሳበራ ኤርሎኩ፣ ማለትም የጠርሙሱ አፍ ላይ የሚሰካው ጋዝ ማስወጫ፣ ተፈናጥሮ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሥር ገብቷል። ጣሪያው ላይ ቡናማ አረፋ ተለጥፏል፤ ከእሱ ላይ የሆፕስ (ለቢራ እንደ ጌሾ የሚያገለግለው አበባ) ስብርባሪ ጠብ ጠብ ይላል። የጠመቅኩት የስንዴ ቢራ ነበር። ዕቃው 5 ጋሎን የሚይዝ የመስታወት ካርቦይ ነው፤ ያው አንገቱ ጠባብ የሆነው ትልቁ ጠርሙስ። የሞላሁት ደግሞ እስከ አንገቱ ነው።

በማግስቱ አገር ቤት ደውዬ ለእናቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ጋን እንዲህ ጢም ተደርጎ ይሞላል እንዴ ልጄ? ሲነሳ የት ይሂድ?» ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ጠምቃለች። እኔ ስንት ዶላር ከስክሼ የተማርኩትን በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ሆናችሁ ለቤት ጠመቃ ዕቃ ልትገዙ ላሰባችሁ ነው። (ሕጉ ካሳሰባችሁ፣ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. ከፈረሙት ወዲህ የፌዴራሉ ሕግ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ቢራ ይፈቅዳል። መሸጥ ግን የለም።)

መጀመሪያ ምን እንደምንታገል እንወቅ። 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ቢራ፣ አልኮሉ 5 ከመቶ አካባቢ ከሆነ፣ ፈልቶ እስኪያልቅ ወደ 400 ሊትር የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አብዛኛው የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ጋዙ ብቻውን ቢሆን በመርፌ ቀዳዳም ይወጣ ነበር። ጣጣው አረፋው ነው። የብቅሉን ፕሮቲን፣ እርሾውንና የሆፕሱን ዝቃጭ ተሸክሞ ይነሳና ጠባቧን ቀዳዳ ይደፍናታል። ከዚያ በኋላ ቤታችሁ ያስቀመጣችሁት ቦምብ ነው።

ኤርሎክ

ጋዝ የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ፣ ውስጡ ትንሽ ውሃ የሚደረግበት ፕላስቲክ ነው። ዋጋው የአንድ ስኒ ቡና ያህል ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እንደ እባብ የተጠማዘዘው ነው። ቡልቅ ቡልቅ ሲል ማየት ደስ ይላል፤ አንዴ አረፋ ከገባበት ግን ውስጡን ማጠብ አይቻልም ማለት ይቀላል። ሁለተኛው ሦስት ቦታ የሚፈታው ነው። ተፈትቶ ይታጠባል። ከሁለቱ ይህን ግዙ። ረጋ ብሎ ለሚፈላ ቢራ ይበቃል፤ ለስንዴ ቢራና አልኮሉ ከፍ ላለ ቢራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አትመኑት።

ወፍራም ቱቦ

ጠማቂዎች ብሎውኦፍ ይሉታል። አንዱ ጫፍ ካርቦዩ አንገት ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ጫፍ ማምከኛ ፈሳሽ ያለበት ማሰሮ ውስጥ ይነከራል። ጋዙም አረፋውም በዚያው ወደ ማሰሮው ይሄዳል። ሁሉም ነገር ያለው ውፍረቱ ላይ ነው። ቀጭን ቱቦ ልክ እንደ ኤርሎኩ ይደፈናል። የካርቦዩ አንገት ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ፣ የውስጥ ስፋቱ 1 ኢንች የሆነ ቱቦ ግን የሆፕስ ዝቃጭ ሳይቀር ያሳልፋል። አንድ ሜትር ተኩል ይበቃችኋል። ምግብ ለሚነካ ዕቃ የተሠራ መሆኑን እያያችሁ ግዙ፤ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቆርጦ የተጠቀመ ጓደኛ አለኝ፣ ቢራው ጎማ ጎማ ብሎ ሙሉውን ደፋው።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ሦስት ቦታ የሚፈታውን ኤርሎክ ክዳንና የውስጥ ቆብ አንስታችሁ መካከለኛው ግንድ ላይ ቱቦ መሰካት ይቻላል። ይሠራል፤ ግን ግንዱ ጠባብ ስለሆነ አስተማማኝነቱ ግማሽ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቢራውን ለማጥራት ፍሪጅ ከማስገባታችሁ በፊት ቱቦውን አንሱ። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ጋዝ ይኮማተርና የማሰሮውን ፈሳሽ፣ ያንን ቆሻሻ አረፋ ጭምር፣ ወደ ቢራው ይምገዋል። አረፋው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲወርድ ኤርሎኩን መመለስ ትችላላችሁ።

ባልዲ ወይስ መስታወት?

እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ባልዲ ነኝ። የ6.5 ጋሎን ፕላስቲክ ባልዲ 5 ጋሎን ቢራ ሲገባበት ከ5 ሊትር በላይ ባዶ ቦታ ይተርፈዋል። አረፋው እዚያው ይነሳል፣ እዚያው ይወርዳል። ቢብስ እንኳ ክዳኑ ይፈናጠራል እንጂ ዕቃው አይሰበርም። አፉ ሰፊ ስለሆነ እጅ ገብቶ ያጥበዋል። ዋጋውም ከመስታወቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ጉድለቱ መጫጫሩ ነው። ጭረት ውስጥ ባክቴሪያ ይደበቃል፣ ቢራው መኮምጠጥ ይጀምራል። በሻካራ ሽቦ አትፈትጉት፤ ሲጫጫር ለሌላ ነገር አውሉትና አዲስ ግዙ።

መስታወት አይጫጫርም፣ ሽታ አይዝም፣ ውስጡ የሚሆነውን ቁጭ ብሎ ማየትም ይቻላል። ግን ሞልቶ ሲነሳ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ እርጥብ እጅ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። ወድቆ የተሰበረ ካርቦይ እጅና እግር ይቆርጣል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ባይገባ ይሻላል። የግድ ካላችሁ 6.5 ጋሎን የሚይዘውን ግዙ፤ የ5 ጋሎኑ መጀመሪያ ለማፍላት ሳይሆን ከረጋ በኋላ ለማቆየት ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

አረፋ ማጥፊያ ጠብታ

ለሕፃናት የሆድ ንፋት ከሚሰጠው ጠብታ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ የሲሊኮን ውጤት ነው። ለአንድ ጋሎን አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃል። አረፋውን ያሟሽሸዋል፣ ከዚያ ከእርሾው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ብርጭቆ ላይ የሚጠበቀውን አረፋ አይነካም። ሥራውን ይሠራል። ቦታ ለጠበበው ጥሩ ነው። ሙቀቱን ግን አይቀንስም።

ዋናው ሰበብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው። እርሾ ሲሠራ ራሱ ይሞቃል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን የባልዲው ሆድ ውስጥ 23 ወይም 24 ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የኤል (ሞቅ ባለ ቦታ የሚፈላው የቢራ ዓይነት) እርሾዎች 18 እና 20 መካከል ረጋ ብለው ይሠራሉ። ከዚያ ሲያልፍ ይገነፍላል፣ ጣዕሙም ወደ ቀለም ማቅጠኛ ይጠጋል። አሮጌ ፍሪጅና ሶኬት ላይ የሚሰካ የሙቀት መቆጣጠሪያ ካላችሁ ጉዳዩ አለቀ። እኔ የለኝም። ባልዲውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ አሮጌ ቲሸርት አለብሰዋለሁ፤ የቲሸርቱ ጫፍ ውሃው ውስጥ ይነከራል። በረዶ የሆኑ የውሃ ጠርሙሶች ጠዋትና ማታ እቀያይራለሁ። ሚስቴ «ልጅህ አተኩሶታል?» ትለኛለች።

እንግዲህ ለጀማሪ የምመክረው የ6.5 ጋሎን ባልዲ፣ ሦስት ቦታ የሚፈታ ኤርሎክና አንድ ሳፋ ነው። ስንዴ ቢራ የምትወዱ ወፍራሙን ቱቦ ጨምሩ፤ የባልዲው ክዳን ቀዳዳ ግን ለኤርሎክ የተበሳ ስለሆነ በልኩ ማስፋት ይኖርባችኋል። ጠብታው ይቆይ።

ለጠጅ ከሆነ ባልዲው ላይ አትደራደሩ። ጌሾው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠባብ አንገት ላይ ተሰብስቦ ራሱ ቡሽ ይሆናል። ደግሞ እየፈላ ያለ ጠጅ ውስጥ ማንኛውንም ዱቄት ወይም የእርሾ ምግብ በአንዴ አትጨምሩ። ውስጡ የታመቀው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይነሳል። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ አማስሉና ጋዙን አስወጡ፤ ዱቄቱንም በትንሽ ጠጅ በጥብጣችሁ ጨምሩት። ከሥሩም ፎጣ አንጥፉ።