አይፎን ወይስ አንድሮይድ? በመተግበሪያ መደብር ዐይን ሲነጻጸሩ

ስልክ ሊገዙ ያሰቡ ጓደኞቼ ስለ ካሜራና ስለ ባትሪ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ስልኩ ከተገዛ በኋላ ለዓመታት ገንዘብ የሚያስወጣቸውን የመተግበሪያ መደብር ግን የሚያነሳው የለም። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው መደብሮቹን ብቻ ነው። የእኔ ምርጫ አንድሮይድ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ መደብር ሲያስወድድ ወይም ሲከለክል ሌላ መሄጃ አለው።

ከዋጋ ልጀምር። አፕልም ሆነ ጉግል በመደብራቸው በኩል ከሚፈጸም ሽያጭ እስከ 30 በመቶ ኮሚሽን ሲወስዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ለአነስተኛ አልሚዎች (መተግበሪያ ሠሪዎች) ወደ 15 በመቶ ዝቅ ቢያደርጉትም፣ ትልልቆቹ አገልግሎቶች ሂሳቡን ወደ ተጠቃሚው ማዞር ይቀናቸዋል። ዩቲዩብ ፕሪሚየም በ2023 አሜሪካ ውስጥ ዋጋ ሲጨምር፣ በድረ ገጽ ለተመዘገበ ሰው በወር 13.99 ዶላር፣ በአይፎን መተግበሪያው ውስጥ ለተመዘገበ ደግሞ 18.99 ዶላር ሆነ። ልዩነቱ በወር 5፣ በዓመት 60 ዶላር ነው፤ ቪዲዮው ግን ያው ነው። ስፖቲፋይም በአይፎን መተግበሪያው ውስጥ መሸጥ ከማቆሙ በፊት፣ በድረ ገጽ 9.99 ዶላር የነበረውን ወርኃዊ ክፍያ እዚያ 12.99 ያስከፍል ነበር።

ስለዚህ የትኛውንም ስልክ ብትይዙ በብሮውዘር ገብታችሁ በአገልግሎቱ ድረ ገጽ ተመዝገቡ፤ መተግበሪያውን ከዚያ በኋላ ክፈቱት። አስቀድሞ በመደብሩ በኩል የተመዘገበ ሰው መተግበሪያውን ከስልኩ ቢያጠፋም ክፍያው አይቆምለትም፤ ወደ መደብሩ አካውንት ገብቶ ምዝገባውን መሰረዝ አለበት።

አልሚዎች ይህን ርካሽ ዋጋ በመተግበሪያቸው ውስጥ እንዳይናገሩ አፕል ለረጅም ጊዜ ከልክሎ ነበር። የጌም አምራቹ ኤፒክ ጌምስ በ2020 አፕልን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ2021 ክልከላው እንዲነሳ አዘዘ፤ አፕል ግን ከመተግበሪያው በሊንክ ወጥቶ ከሚፈጸም ግዢ 27 በመቶ ልውሰድ አለ፤ ከ30 ላይ 3 ቀንሶ ፈቀድኩ ማለቱ ነበር። በ2025 ኤፕሪል ላይ ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ አፕል ትእዛዙን ጥሷል ሲሉ ወሰኑ፤ በዚያው ወር የአውሮፓ ኮሚሽንም በተመሳሳይ ጥፋት 500 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

አይፎን ላይ ሌሎች መደብሮች በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተፈቀዱት በሕግ ግዴታ፣ ከ2024 ማርች ወዲህ ነው፤ አልትስቶር ፓል አንዱ ነው። አንድሮይድ ላይ ግን ከጉግል ፕሌይ ሌላ የሳምሰንግ ጋላክሲ ስቶርና ከ2010 ጀምሮ ያለው ኤፍ-ድሮይድ አሉ። ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ዋናው ኤፍ-ድሮይድ ነው፤ የሚያስቀምጠው ኮዳቸው ክፍት የሆነ (ማንም ሊያየው የሚችል) መተግበሪያዎችን ብቻ ነው፣ ሁሉንም በነጻ። ለምሳሌ ኦዝምአንድ የተባለው የካርታ መተግበሪያ በጉግል ፕሌይ ያለው ነጻ ቅጂው የሚወርዱትን ካርታዎች ብዛት ሲገድብ፣ የኤፍ-ድሮይዱ ቅጂ ያለ ገደብ ያወርዳል።

የአንድሮይድ ጣጣው አስመሳይ ቅጂ ነው። አንድ ዘመዴ በመልእክት የደረሰውን ሊንክ ተጭኖ ያወረደውን ኤፒኬ (ከመደብር ውጭም ሊጫን የሚችል የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል) ከስልኩ ለማውጣት ደክሜበታለሁ። አርማውና ቀለሙ ከዋናው መተግበሪያ ጋር አንድ ነበር፤ የአልሚው ስም ግን በአንድ ፊደል ይለያል። የጠየቃቸው ፈቃዶች ደግሞ አጭር መልእክት ማንበብ፣ የስልክ ማውጫ ማየትና ስክሪኑን መቆጣጠር ነበሩ። ለማጥፋት ስሞክር አራግፍ የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ አልጫን አለኝ፤ ለካ የመሣሪያው አስተዳዳሪ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማችሁ ስልኩን በሴፍ ሞድ (ከውጭ የተጫኑ መተግበሪያዎች በማይሠሩበት ሁኔታ) አስነሱ፣ በሴቲንግ ውስጥ የአስተዳዳሪነት ፈቃዱን ንጠቁት፣ ከዚያ አጥፉት። ኤፒኬ ማውረድ ካለባችሁ ከአልሚው የራሱ ገጽ ብቻ ይሁን፤ «ክራክ ተደርጓል» (የክፍያ ቁልፉ ተሰብሯል) የተባለውን ነጻ ቅጂ ጨርሶ አትንኩት። የ5 ዶላር መተግበሪያ በነጻ አገኘሁ ብሎ የባንክ ሂሳቡን የሚያጋልጥ ሰው አትራፊ አይባልም። የመጣለትን ሊንክ ሁሉ ለሚጫን ሰው ስልክ የምትገዙ ከሆነ ግን አይፎን ግዙለት፤ የአንዱ መደብር ጥበት እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ትንንሽ መደብሮች ውስጥ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። የአማዞን መደብር በአንድሮይድ ላይ በ2025 ኦገስት 20 ሲዘጋ፣ ከዚያ የተገዙ መተግበሪያዎች መሥራታቸውን እንደሚቀጥሉ ዋስትና አልተሰጠም። ጉግልም በዚያው ወር፣ በጉግል ዕውቅና ባላቸው አንድሮይድ ስልኮች ላይ የሚጫን መተግበሪያ አልሚው ማንነቱን ያስመዘገበ መሆን እንዳለበት አስታውቋል፤ ኤፍ-ድሮይድ ይህን አጥብቆ ተቃውሟል። የአንድሮይድ ብልጫዬ የቆመው በዚህ ክፍትነት ላይ ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ደንቡ በአገራችሁ የት እንደደረሰ አጣሩ። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ወይም ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ስትዞሩ በቀድሞው መደብር አንድ ጊዜ ከፍላችሁ የገዛችኋቸው መተግበሪያዎች አብረዋችሁ ስለማይመጡ፣ እነሱን እንደገና የመግዣውንም ወጪ በስልኩ ዋጋ ላይ ደምሩት።