ያረጁ ሞዴሎች የት ይግቡ? ስለ ዴቶልፍ የመስታወት ቁም ሳጥን

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዴቶልፍ የስዊድኑ የቤት ዕቃ ኩባንያ የኢኬያ የመስታወት ቁም ሳጥን ነው። አራቱም ጎኑ መስታወት ነው፣ ውስጡም ሦስት የመስታወት መደርደሪያ አለው። እናቶቻችን ሳሎን ውስጥ ሲኒና ብርጭቆ የሚደረድሩበትን ቡፌ አስቡት፤ ይሄኛው ግን ቀጭን፣ ረጅምና ከየትኛውም ጎን የሚታይ ነው። የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ ታንክና መኪና ገጣጥመው ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ዕቃ ነው። "ሠርተህ የጨረስከውን የት ታስቀምጠዋለህ?" ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት ስሙን ነው።

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር። ለድሮ ሞዴሎች በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ቤት አላየሁም። ግን በሕይወታችሁ የሠራችሁትን ሁሉ ልታጭቁበት ካሰባችሁ አትግዙት። መጀመሪያ ምረጡ፣ ከዚያ ግዙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

የዚህ ሥራ ችግር የሚጀምረው ከተጨረሰ በኋላ ነው። ያልተሠራ ኪት፣ ማለትም ገና ያልተገጣጠመ የሞዴል ክፍሎች ስብስብ፣ በካርቶኑ ውስጥ ስለሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፣ አልጋ ሥርም ይገባል። የተሠራው ግን ክንፍ አለው፣ የጎማ እግር አለው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ አንቴና አለው፤ መደራረብ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ መጽሐፍ መደርደሪያ ጫፍ ላይ ይወጣና አቧራ ይጠጣል፣ ወይ በካርቶን ተጠቅልሎ ጣሪያ ሥር ይገባል። ሁለተኛው ይብሳል። እዚህ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ በበጋ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ቀጭን ክንፍ ሊያጎብጥ ይችላል። እዚያ የገባ ሞዴል ደግሞ ማንም አያየውም፣ ባለቤቱ ራሱ እንዳለው ይረሳል።

አቧራውን በተመለከተ የኛ ቤት የራሱ ጠባይ አለው። ቁሌት የሚቁላላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ ቡና የሚቆላበት ቤት ውስጥ አቧራው ደረቅ ሆኖ አይቀመጥም። ከዘይቱና ከጭሱ ጋር ተጣብቆ ቀለሙ ላይ ይለጠፋል፣ እፍ ብትሉት አይነሳም። ፒቶት ቱቦ (ፍጥነት መለኪያዋ ቀጭን ቱቦ) እና አንቴና ያለበትን አውሮፕላን በጨርቅ ልጥረግ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር መሰበሩ አይቀርም። እኔ የምጠቀመው ለፊት ዱቄት የሚሆነውን ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ነው። የተጣበቀውን በጆሮ ጥጥ፣ ለብ ባለ ውኃና በጠብታ የዕቃ ሳሙና አለሰልሰዋለሁ። አድካሚ ነው። ለዚህ ነው መስታወት ውስጥ ማስገባት ዋጋ ያለው። ዴቶልፍ አቧራን ሙሉ በሙሉ አያግድም፣ ምክንያቱም በሩና ጎኑ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትንሽ ክፍተት አለ። ለመስኮት የሚሸጠውን ግልጽ የሚለጠፍ ማሸጊያ በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ስትለጥፉበት ግን ልዩነቱ ይታያል። ጥቂት ዶላር ነው፣ ሳትለጥፉ እንዳትቀሩ።

አሁን ወደ ልኩ። ዴቶልፍ ወደ 43 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 37 ጥልቀት፣ 163 ቁመት አለው። ውስጡ ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ይህ በሞዴል ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ሳያሰሉ የሚገዙ ብዙ ናቸው። የአየር ኃይላችንን ኤፍ-5ኢ እንውሰድ፣ በ1969 ዓ.ም. በጀመረው የኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያን ሚግ-21 የገጠመውን ማለቴ ነው። በ1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አሳንሳችሁ፣ ስትሠሩት ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 11 ቢሆን ነው። ሚግ-21ም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁማችሁ ለሦስተኛም ለአራተኛም ቦታ ይተርፋል። ሲ-47ን ግን እዩት። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። በ1/72 ክንፉ ብቻውን 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ስለዚህ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ይወስዳል፣ ያውም ትንሽ ሰያፍ ካደረጋችሁት። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጣው የመጀመሪያው ድሪምላይነር፣ 787-8፣ በ1/144 እንኳ ክንፉ ወደ 42 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እሱም በሰያፍ ካልሆነ አይገባም። በ1/48 ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ የሠራ ሰው ይርሳው፤ ወይ ከጣሪያ በክር ይስቀለው ወይ ሌላ መላ ይፈልግ።

ከዚህ ይልቅ የሚያናድደኝ ቁመቱ ነው። መደርደሪያዎቹ ከፍ ዝቅ አይሉም፣ ባሉበት ናቸው፤ በመካከላቸውም ሰፊ ክፍተት አለ። ለአሻንጉሊትና ለሐውልት ጥሩ ነው። አውሮፕላንና ታንክ ግን ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ከላያቸው ያለው ቦታ ሁሉ ባዶ ይቀራል። እዚህ ላይ ሰው ብልሃቱን ያሳያል። ግልጽ የአክሪሊክ ፕላስቲክ በልክ አስቆርጦ አጫጭር ግልጽ እግሮች ያደርግለትና በየመደርደሪያው መካከል ሁለተኛ ፎቅ ያቆምበታል። እኔም አድርጌዋለሁ። የሚይዘው ሞዴል በእጥፍ ገደማ ጨመረ፣ ምንም ሳይከልል። በፋብሪካ እንዲህ ተሠርቶ ቢመጣ ኖሮ አምስት ኮከብ በሰጠሁት ነበር።

መስታወት የማያድናቸው ነገሮችም አሉ፣ ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። አንደኛው ብርሃን ነው። ሳጥኑን መስኮት ፊት ካቆማችሁት ፀሐይ ቀለም ታደበዝዛለች፣ ዘወትር የሚመታ ብርሃንም ሞዴሉን ያስረጀዋል። ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ፈልጉለት። ለመብራት የማይሞቅ ኤልኢዲ ይበቃል።

ሌላው ከውስጥ የሚመጣ ነው፣ የድሮ ሞዴል ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በብዙ አሮጌ የመኪናና የታንክ ኪቶች ውስጥ ያለው ለስላሳ የቪኒል ጎማና ሰንሰለት፣ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅመም በጊዜ ብዛት ይወጣና የተነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ዓመታት ሳትነኩት ቆይታችሁ ስታነሱት የመኪናው ቸርኬ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ተበልቶ ታገኙታላችሁ። ጎማውና ቸርኬው በሚነካኩበት ቦታ ቀጭን ፎይል ማልበስ ይረዳል፣ ወይም ሌላ ዓይነት ጎማ መቀየር። የአፍንጫ ክብደት ደግሞ አለ። ባለ ሦስት ጎማ አውሮፕላን በጭራው እንዳይቀመጥ አፍንጫው ውስጥ እርሳስ ይከተታል። ያንን እርሳስ በነጭ የእንጨት ሙጫ ያጣበቀ ሰው ከዓመታት በኋላ ነጭ ዱቄት ያገኛል። ከሙጫው የሚወጣው አሲድ እርሳሱን ይበላዋል፣ የተበላውም እርሳስ እያበጠ ሄዶ አፍንጫውን ይሰነጥቀዋል። እንዲህ ያለውን ሞዴል የትኛውም መስታወት አያድነውም። ከፍቶ እርሳሱን ማውጣት ነው፣ ያውም በጓንት፣ ልጆች በሌሉበት።

ወደ ምርጫው እንምጣ፣ ለኔ የሳጥኑ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ከታችኛው ወለል ጋር አራት ደረጃ ብቻ ስላለው እያንዳንዱን ሞዴል በእጃችሁ አንስታችሁ "አንተ ትገባለህ ወይ?" ማለት ግድ ይሆናል። ሁልጊዜ በጣም ጥሩ ሆኖ የተሠራው አይደለም የሚገባው። የመጀመሪያው ሞዴል፣ ሙጫው የፈሰሰበት፣ የጣት አሻራ የታተመበት፣ ለኔ ከማንም በፊት ይገባል። ስሜት ያለው ነገር ይግባ። "ስለሠራሁት ብቻ" የተቀመጠው ግን ሌላ መንገድ ይፈለግለት።

አንዱ መንገድ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። ብዙ ሰው ይህን አይሞክረውም፣ እኔ ግን ከአዲስ ኪት ይልቅ እወደዋለሁ። በአክሪሊክ የተቀባ ቀለም በአይሶፕሮፒል አልኮል ተዘፍዝፎ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ጠንካራውን የኢናሜል ቀለም የኦቨን ማጽጃ ያነሳዋል፣ ግን ውጭ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፤ ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ነው። የመኪና ኪት ላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ክሮም ተራ በረኪና ያወርደዋል። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅሉ። አሴቶን ደግሞ አታስጠጉ፣ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟዋል። ክፍሎቹን ለመለየት ሞዴሉን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ነው። ያረጀ ሱፐር ግሉ ብዙ ጊዜ በቅዝቃዜው ይሰባበርና ክፍሎቹ ቷ ብለው ይላቀቃሉ። ፕላስቲክ አሟሙቶ በሚያያይዘው ሙጫ የተጣበቀ ግን አንድ አካል ሆኗል፣ በመጋዝ ካልሆነ አይለይም። የደበዘዘው የኮክፒት መስታወት በጥርስ ሳሙና ተፈትጎ ይጠራል። የቢጫነት ምልክት ያለው ዲካል (ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈው ምልክትና ጽሑፍ) ገና ወረቀቱ ላይ ካለ መስኮት ላይ ለጥፉት፣ ፀሐይ ታነጣዋለች። በሳጥኑ ውስጥ ጠላት ያልናት ፀሐይ እዚህ ወዳጅ ናት።

መዳን የማይችለው ለመለዋወጫ ይሁን። ጎማ፣ ቦምብ፣ መቀመጫ፣ ሚሳይል ሁሉ ተለቅሞ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን አንድ ኪት ላይ የጎደለች ትንሽ ነገር ከዚያ ትወጣለች። የተሰባበረ አካል ደግሞ ለጦር ሜዳ ትዕይንት ፍርስራሽ ሆኖ ያገለግላል።

ሌላው መስጠት ነው። በዚህ በኩል ጠንከር ብዬ ልናገር። ለልጅ የምትሰጡ ከሆነ ሊሰበር እንደሆነ ተቀብላችሁ ስጡ፣ ከዚያ "ተጠንቀቅ!" እያላችሁ አትከተሉት። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ኤፍ-5ን ይዞ ሳሎኑን ሲዞር እግሩ ቢሰበር ሞዴሉ ሥራውን ሠርቷል። ትልልቅ ልጆችን ግን ታሪኩን እየነገራችሁ ስጧቸው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ አማርኛ ትምህርቱ ላይ ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያነበው ይልቅ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጭራ ያለውን 787 በእጁ ሲይዝ የሚጠይቀው ጥያቄ ይበልጣል። የጉዞ ወኪል ቢሮ ያለው ዘመድ ካላችሁም ጠይቁ፤ አውሮፕላን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ የማይወድ የጉዞ ወኪል አላጋጠመኝም። ሀገር ቤት ልትልኩ ካሰባችሁ ደግሞ የጎማ እግሮቹን ነቅላችሁ ለብቻ አሽጉ፣ ሞዴሉን በለስላሳ ሶፍት ጠቅልሉ። አረፋ ያለውን ፕላስቲክ በቀጥታ ቀለሙ ላይ አታድርጉ፣ ክብ ክብ ምልክት ያትምበታል።

አሁን ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ማወቅ ያለባቸው፣ ዴቶልፍ ከምርት ወጥቷል። ኩባንያው በምትኩ ብሎሊደን የሚባል አምጥቷል። መልኩ ያምራል፣ ጥቁር ወይም ነጭ ጠርዝ አለው። ግን ጠበብ ይላል፤ 35 በ32 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ቁመቱ 151። ለኤፍ-5ና ለሚግ ምንም አይልም። ለሲ-47ና ለድሪምላይነር ግን ጭንቅ ነው። ትንንሽ ጄቶች ወይም መኪና ብቻ የምትሠሩ ብሎሊደንን ሳታመነቱ ግዙ። ክንፈ ረጅም ለሚወድ ሰው ያገለገለ ዴቶልፍ ፈልጉ እላለሁ። አዲስ ሲሸጥ ለረጅም ጊዜ ከመቶ ዶላር በታች ስለነበር ያገለገለውን በዚያ ላይ አስወድዶ ለሚጠይቃችሁ ሻጭ አትቸኩሉ፣ ሌላ ይመጣል።

ልታመጡት ስትሄዱ ሁለት ሰው ሁኑ። እዚያው ፍቱትና መስታወቶቹን ለየብቻ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አምጡ። ይህ ዓይነት መስታወት ፊት ለፊቱ ጠንካራ ነው፣ ማዕዘኑ ግን ሲሚንቶ ወለል ከነካ በአንድ ጊዜ ደቅቆ ያልቃል፤ ስለዚህ ምንጣፍ ላይ ብቻ አሳርፉት። የበሩ ማጠፊያዎችና መደርደሪያ የሚይዙት ቀጫጭን ብረቶች ሙሉ መሆናቸውን ከመክፈላችሁ በፊት ቁጠሩ፣ ከምርት የወጣ ዕቃ ስለሆነ የጎደለውን ማግኘት ከባድ ነው። መቆለፊያ የለውም፤ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ከግድግዳው ጋር እሰሩትና ደካሞቹን ሞዴሎች የላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ።