«ዘ ሚስቲክ»፦ የፊልሙን ዲስክ ልግዛ ወይስ የድሮውን የማስታወቂያ ካርድ?

«ዘ ሚስቲክ» የዳይሬክተር ቶድ ብራውኒንግ ድምፅ አልባ ፊልም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ። ዛራ የምትባል ሴት ከሃንጋሪ አሜሪካ ትሄድና «ሙታን አናግራለሁ» እያለች ከግብረ አበሮቿ ጋር የሀብታሞችን ገንዘብ ትበላለች። ልብሷን የነደፈው የፋሽን ዲዛይነሩ ኤርቴ ነው፤ ለእኔ ግማሹ ውበት እሱ ነው።

ዋጋ፦ ክራይቴርዮን የተባለው የአሜሪካ ፊልም አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ብሉ ሬይ ዲስክ ከሁለት ሌሎች የብራውኒንግ ፊልሞች ጋር ስለሚሸጥ ያዋጣል። ካርዱ፣ ማለትም ያኔ ሲኒማ ቤት መግቢያ ላይ ይሰቀል የነበረው 28 በ36 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ማስታወቂያ፣ ቁርጥ ዋጋ የለውም። እንደ ተጫራቹ ነው።

ምቾት፦ ዲስኩ ለአሜሪካ ማጫወቻ የተሠራ ነው፣ አውሮፓ ያላችሁ ልብ በሉ። ካርዱ ፍሬም ብቻ ይበቃዋል። ፀሐይ ግን አታስነኩት።

ስጋት፦ ዲስኩ ቢጫር ሌላ ይገዛል። ካርዱ ላይ ነው ጉዱ፤ የአጭበርባሪዎች ፊልም ካርድ ራሱ ፎርጅድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል! የጀርባውን ፎቶ አስልኩ፣ መጠኑን በሴንቲ ሜትር ጠይቁ፤ የመቶ ዓመት ወረቀት ጀርባው ጥርት ያለ ነጭ ከሆነ እለፉት።

ፊልሙን ገና ላላየ ሰው ዲስኩ። ደጋግሞ አይቶት ግድግዳው ባዶ ለሆነና መጠበቅ ለሚችል ካርዱ።