አዞዋ ወይስ አልቃሿ ሴት? የሮም ሁለት የድል ዲናሮች

ጥንታዊት ሮም ለድሏ ያወጣችውን ዲናር፣ ማለትም የብር ሳንቲም፣ መሰብሰብ የሚያምረው ሰው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ላይ ሲደርስ ያመነታል።

ምስሉ፦ የኦክታቪያን (በኋላ አውግስጦስ ቄሣር የተባለው የሮም ገዢ) ዲናር (28 ዓመተ ዓለም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት) በጀርባው አንዲት አዞ ብቻ አለችው፤ ከላይና ከታች «ኤጉፕቶ ካፕታ»፣ ማለትም «ግብፅ ተያዘች» ይላል። ወታደር የለም፣ ምርኮኛም የለም። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የቬስፓስያን ዲናር ግን (69–70 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር) ጭንቅላቷን በእጇ ደግፋ የተቀመጠች አይሁዳዊት ሴት ያሳያል፤ አጠገቧ የተማረከ ትጥቅ የተሰቀለበት ግንድ ቆሟል፣ ከሥሯ «ዩዳያ»፣ ማለትም የአይሁድ አገር ይሁዳ፣ ተጽፏል። እኔን የምታሳዝነኝ እሷ ናት፤ አዞዋ ግን ታስቀናለች።

ብሩ፦ የኦክታቪያኑ ከ4 ግራም ትንሽ ያነሰና ንጹሕ ለማለት የሚቃረብ ነው። ከቬስፓስያን በፊት የነገሠው ኔሮን በ64 ዓ.ም. የዲናርን ክብደቱንም ጥራቱንም ስለቀነሰ የቬስፓስያኑ ወደ 3.3 ግራም ነው።

ዋጋው፦ አዞዋ በሺዎች ዶላር ትሸጣለች። ሴቲቱ በመቶዎች ትገኛለች።

ስጋቱ፦ ሁለቱም በሐሰት ይሠራሉ፣ በዋጋ የምትወደደው አዞዋ ይበልጥ። ጠርዙን በማጉያ መነጽር እዩት፤ የመገጣጠሚያ መስመር ወይም ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ካለ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው። በጥንት ጊዜም መዳብ በብር ለብጦ የሚያታልል ነበር፤ ቡናማው መዳብ ብሩ የተፋቀበት ቦታ ላይ ያጋልጠዋል።

እስራኤል ውስጥ የምትገዙ ከሆነ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ግዙ፤ ከአገር ለማውጣትም ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለጀማሪና ለመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ታሪክ ወዳድ የቬስፓስያኑ ይስማማል። አንድ ብቻ ገዝቶ ዕድሜ ልኩን ለሚያየው፣ ኪሱም ለሚችል፣ አዞዋ።