«የማታ እጅ ምልክት» ብለው የሚሸጡላችሁ ጓንት አያንጸባርቅም፤ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ

አዳማ ውስጥ ባጃጅ፣ ሞተር ወይም ጋሪ የምትነዱ፣ በብስክሌት አምሽታችሁ ወደ ቤት የምትገቡ፣ ወይም እንደ እኔ ማታ የሚነዳ ወንድም ያላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አንብቡልኝ። ለምታውቁት ሹፌርም አስተላልፉልኝ።

ሰሞኑን «የማታ እጅ ምልክት» እየተባለ የሚሸጥ ጓንት አለ። ጥቁር ነው። ጣቶቹ እስከ ግማሽ የተቆረጡ ናቸው። የእጁ ጀርባ ላይ ብርማ ቀስት አለው፣ አንጓው ላይ ደግሞ ደማቅ ቢጫ ማሰሪያ። በቴሌግራም ይሸጣል። መናኸሪያ አካባቢም አንጠልጥለው የሚያዞሩ ልጆች አሉ። ጥንዱ 850 ብር ነው። እባካችሁ አትግዙት። የገዛችሁም ካላችሁ እሱን ተማምናችሁ ከኋላ መኪና እየመጣ እንዳትታጠፉ። ጓንቱ አያንጸባርቅም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የጥበቃ ዩኒፎርምና የመንገድ ሠራተኛ ሰደርያ እሰፋለሁ። ሪፍሌክተሩን፣ ማለትም አንጸባራቂውን ሪባን፣ በጥቅል ገዝቼ እየለካሁ የምቆርጠው ራሴ ስለሆንኩ እውነተኛውን ስዳስሰው አውቀዋለሁ። ወንድሜ ጓንቱን ይዞ ሲመጣ ገና ከላስቲኩ ሳያወጣው ነው የተጠራጠርኩት። ቀስቱ በጠራራ ፀሐይ ያብለጨልጫል። የኛ ሪፍሌክተር ቀን ላይ አያብለጨልጭም። ግራጫና ፈዛዛ ነው፣ ለዓይንም አያምርም። ጉዱ የሚታየው ማታ መብራት ሲያርፍበት ነው።

በወንድሜ አልፈርድበትም። ባጃጁ የሰው ነው። የግራው ፍሬቻ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ባለቤቱ ሁልጊዜ «ነገ አሠራዋለሁ» ነው። ልጁ ደግሞ ከመሸ በኋላ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ሰው ያደርሳል። ፍሬቻው እንቢ ሲለው እጁን አውጥቶ ይታጠፋል። እጅ በጨለማ አይታይም፤ ይህን እሱም ያውቀዋል። ስለዚህ «እጅህን ከ300 ሜትር የሚያሳይ» ሲሉት ልቡ መሄዱ አይገርምም። ሻጮቹም የሚፈልጉት እንደሱ ያለውን፣ ፍርሃቱ እውነት የሆነውን ሰው ነው። በጣም ያናደደኝም ይሄ ነው። የውሸት ጫማ የሸጠልህ ሰው ብርህን ወሰደ። የውሸት የማታ ምልክት የሸጠልህ ሰው ግን ሕይወትህን ነው የተጫወተበት።

ማታ ሞከርነው። የጎረቤታችንን አይሱዙ አስነስተን አጭር መብራቱን አበራን። ወንድሜ በግራ እጁ ጓንቱን አደረገ። በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ከሱቄ የወሰድኩትን ተራ የሪፍሌክተር ቁራጭ አሰርኩለትና ራቅ ብሎ ቆመ። ጋቢና ገብቼ ሳይ ቁራጩ ነጭ ሆኖ ቦግ ብሏል። ግራ እጁ የለም። ከፍ ዝቅ ቢያደርገው፣ ቢያወዛውዘው፣ ያው ጨለማ ነው። ጎረቤታችን ብዙ ዘመን በጅቡቲ መስመር የነዳ ሰው ነው። «ይሄን ካደረገ አይተውኛል ብሎ ይገባል፤ ባያደርግ እኮ ቆሞ ያሳልፈኛል» አለ። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልነግራችሁ አልችልም።

በማግስቱ ስፌቱን ፈታሁት። ቀስቱ ጨርቁ ላይ የተለጠፈ ብርማ ፕላስቲክ ነው። በጥፍሬ ስፍቀው እየተላጠ ተነሳ። ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ብቻ። ቢጫው ማሰሪያም ተራ ናይለን ነው።

እውነተኛው ሪፍሌክተር እንደዚህ አይደለም የሚሠራው። ላዩ ላይ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የብርጭቆ እንክብሎች ተነጥፈዋል። ከኋላቸው ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን አለ። ብርሃን እንክብሏ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፣ ከኋላ ያለው ሽፋን ላይ ይነጥራል፣ ከዚያ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። መስታወትና ብርማ ፕላስቲክ ብርሃኑን ወደ ሌላ ወገን ይወረውሩታል። ሪፍሌክተር ግን ለመብራቱ ባለቤት ይመልስለታል፣ የሹፌሩ ዓይን ደግሞ ከመብራቱ ብዙም ስለማይርቅ ያየዋል። ከከተማ ወጣ ስትሉ በመኪና መብራት የጅብ ዓይን ሲያበራ አይታችሁ ከሆነ፣ እዚያም የሚሆነው ይሄው ነው። እንክብል የሌለው፣ ጥቃቅን ማዕዘኖች የታተሙበት የፕላስቲክ ዓይነትም አለ። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት መረብ መረብ የሚል መስመር አለው። እሱም ጥሩ ነው፣ አትፍሩት።

ቢጫው ቀን ላይ ይጠቅማል። ያ ዓይን የሚወጋ ቀለም እንደዚያ የሚደምቀው ከፀሐይ የሚመጣውን በዓይን የማይታይ አልትራ ቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ስለሚቀይረው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ምንጩ ይደርቃል። የመኪና መብራት ያን ጨረር ለማካካስ አይበቃም። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደማቅ ቢጫ ብቻውን ከተራ ቢጫ ጨርቅ ብዙ አይሻልም። «ደማቅ ስለሆነ ማታም ይታያል» ብለው የሚያስቡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ለልጆቻቸው ቦርሳ ሲገዙም እንዲሁ ነው። ብርሃን የሚመልሰው ግራጫው ሪባን ነው።

ላስቲኩ ላይ «ኢኤን አይኤስኦ 20471» ተብሎ ታትሟል። ሻጩም እየደጋገመ የሚጠራው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ራሱ የውሸት አይደለም። ሠራተኛ ከሩቅ እንዲታይ የሚለብሰው ልብስ የሚመዘንበት ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ግን ደረጃው የሚጠይቀውን እንይ። ዝቅተኛው ክፍል እንኳ ቢያንስ 0.10 ካሬ ሜትር አንጸባራቂ ይፈልጋል። በእኛ በሰፊዎች ልክ ሲሰላ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሪባን 2 ሙሉ ሜትር ማለት ነው። ሰደርያ ላይ በደንብ ይዞራል። ጓንት ላይ የት ሊገባ ነው? የሁለቱም ጓንት ብርማ ቀስት አንድ ላይ ተሰብስቦ መዳፌን አይሸፍንም። ይህን ቁጥር ጓንት ላይ ስታዩ ተጠራጠሩ።

የትም ስትገዙ፣ ለመፈተን ስልካችሁ ይበቃል። ዕቃውን ጨለም ባለ ቦታ ሰው ይያዝላችሁና አሥር እርምጃ ያህል ራቁ። የስልኩን ባትሪ አብርታችሁ ጉንጫችሁ ላይ፣ ዓይናችሁ አጠገብ አድርጉት። እውነተኛው ቦግ ይላል። አሁን ዓይናችሁን ከዕቃው ሳታነሱ ስልኩን ክንዳችሁ እስኪዘረጋ ወደ ጎን አርቁት፤ መብራቱ ግን አሁንም ዕቃው ላይ ይረፍ። እውነተኛው ወዲያው ይደበዝዛል፣ ምክንያቱም ብርሃኑን የሚመልሰው ለስልኩ እንጂ ለዓይናችሁ አይደለም። የውሸቱ ብታቀርቡትም ብታርቁትም ያው ነው። ሻጩ «እዚህ ብርሃን ስለሆነ አይታይም» ካለ ጥላ ፈልጉ፣ ጃኬት ከልሉበት። እምቢ ካለ ጥላችሁት ሂዱ።

በቴሌግራም የሚላክ ቪዲዮ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ወንድሜ ያየው ቪዲዮ ላይ ያለው ጓንት በእውነት ያበራል። የመጣለት ዕቃ ሌላ ነው። መልኩ አንድ፣ ቀስቱ አንድ፣ ሥራው ግን ለየቅል።

ውሃም ጠብ አድርጉበት። እንክብሎቹ የተጋለጡ ዓይነት ሪፍሌክተር ላዩ ላይ ውሃ ሲተኛበት ብዙ ኃይሉን ያጣል። ይህ የዕቃው ተፈጥሮ ነው፣ በእውነተኛውም ላይ ይደርሳል። ግን «ውሃ ምንም አይለው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው በዚህ ትይዙታላችሁ። በክረምት ማታ የምትሠሩ ደግሞ ዝናብ ሲሆን ሪፍሌክተሩን ከወትሮው ያነሰ እመኑት። እጥበትም ይጨርሰዋል። ጥሩ አምራች ስንት እጥበት እንደሚችል መለያው ላይ ይጽፋል። በረኪና አታስነኩት።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ጓንት እውነተኛ ሪፍሌክተር ቢሰፋበት እንኳ አሠራሩ ራሱ ለሹፌር አይሆንም። እስቲ ግራ እጃችሁን ለመታጠፍ እንደምታሳዩት ዘርጉ። መዳፋችሁ ወዴት ያያል? የብዙ ሰው መዳፍ ወደ መሬት ነው። የእጅ ጀርባ ወደ ሰማይ። ቀስቱ ደግሞ ያለው እዚያው ጀርባው ላይ ነው። ከኋላ ለሚመጣው ሹፌር የሚደርሰው የእጃችሁ ጠርዝ ብቻ ነው። መዳፋችሁን አስባችሁ ወደ ፊት ካላዞራችሁት ቀስቱን አያየውም። ግራ እጃችሁን ወደ ላይ አጥፋችሁ ወደ ቀኝ መታጠፍ ብታሳዩ ደግሞ ቀስቱ ወደ ላይ ያመለክታል። ማን ምን ብሎ ይረዳዋል? አንጓንና ክንድን ዙሪያውን የሚከብ ተራ ሪባን ከዚህ ሁሉ ቀስት ይበልጣል። በየትም በኩል ይታያል። ሲንቀሳቀስም ሹፌሩ የሰው እጅ መሆኑን ቶሎ ይለየዋል።

የከባድ መኪና ጉዳይም አለ። አዳማ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ማታ ከኋላችን የሚመጣው ብዙ ጊዜ ተሳቢ ነው። ሪፍሌክተር ብርሃኑን ወደ መብራቱ ይመልሳል ብያለሁ። የቤት መኪና ሹፌር ከመብራቱ ትንሽ ነው ከፍ የሚለው። የተሳቢ ሹፌር ግን በጣም ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ከሚመለሰው ብርሃን ዓይኑ ጋ የሚደርሰው ያነሰ ነው፣ በተለይ እየቀረባችሁ ስትሄዱ። በጥሩ ሪፍሌክተርም ቢሆን እናንተን የሚያያችሁ የቤት መኪናው ሹፌር ከሚያያችሁ ፈዘዝ አድርጎ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ብቻ 25 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጭነት ያለው መኪና ፍሬን ከተያዘም በኋላ ቶሎ አይቆምም። «300 ሜትር» ብሎ በአፉ የሚሸጥ ሰው ይህን ሁሉ አላሰበውም።

ስለዚህ ብራችሁን መጀመሪያ ፍሬቻው ላይ አውሉት። ብዙ ጊዜ አምፖል፣ ፊውዝ፣ ፍላሸር ወይም የላላ ሽቦ ነው። የወንድሜን ባጃጅ ባለቤት ጓንቱን ይዤ ሄጄ አነጋገርኩት፤ ምክንያቱን ሲያይ አሠራው። የሰው ባጃጅ የምትነዱ ልጆች «አይመለከተኝም» አትበሉ፣ ባለቤቱን ጨቅጭቁት። ጋሪ ነጂዎች ደግሞ ከእጃችሁ በፊት የጋሪውን ኋላ አስቡ። ጋሪ ፍሬቻ የለውም፣ ሌሊት ከኋላ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት እንጨቱን ነው። ቀይ ሪፍሌክተር በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ ምቱበት። ባትሪ ያለው፣ ብልጭ ድርግም የሚል ጓንት የምትገዙም ካላችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ውስጡ ያለው ትንሿ ክብ ባትሪ ሕፃን ከዋጣት ውስጡን ታቃጥላለች። ቤት ውስጥ እንደ መጫወቻ አታስቀምጡት።

ብሩን ለማስመለስ ሞክረናል። ወንድሜ ቀድሞ በሞባይል ነው የከፈለው። ስንጽፍላቸው መጀመሪያ «መብራትህ ደካማ ይሆናል» አሉን። ከአይሱዙው ፊት ያነሳነውን ፎቶ ስንልክ «እኛም በጅምላ ነው የገዛነው» አሉ። ከዚያ ዘጉን። ደረሰኝ የለም፣ አድራሻ የለም፣ ያለው የከፈልንበት መልእክት ብቻ ነው። ዕቃው ሳይደርሳችሁና በስልካችሁ ሳትፈትኑት አትክፈሉ። «ቀድመህ ካልከፈልክ አናደርስም» የሚሉ ከሆነ ይቅርባችሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በግብይቱ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። መንገድ ላይ አንጠልጥሎ የሚሸጠውን ልጅ አትጣሉት፣ እሱም ምን እንደያዘ ላያውቅ ይችላል። ከየት እንዳመጣው ጠይቁትና መልሱን ጽፋችሁ ያዙ። እኔ የፈታሁትን ጓንት፣ የቪዲዮውን ቅጂና የክፍያውን መልእክት ይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ። የገዛችሁ ካላችሁ ጓንቱን አትጣሉ። ከነላስቲኩ አስቀምጡት፣ ከቻናሉ ከመባረራችሁ በፊት ስሙንና ዋጋውን በፎቶ ያዙ፣ እናንተም ሂዱና አመልክቱ።