የኩሬ ላስቲክ ጠርዝ መሸፈኛ፦ ባሕር ዳር ላይ ከሚገኙት ዕቃዎች የትኛው ያዋጣል?

ባሕር ዳር ውስጥ ግቢው ላይ ኩሬ የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ እጁ የሚገባው ለመስኖ ውኃ ማጠራቀሚያ የሚሸጠው ጥቁር ጂኦመምብሬን፣ ማለትም ውኃ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ ነው። ውኃ በመያዝ በኩል ነቀፋ የለውም። ጣጣው ዳር ላይ ነው፤ ኩሬው ከሞላ በኋላም ዙሪያውን አንድ ስንዝር የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ይቀራል፣ በጋ ሲገባ ስንዝሩ ክንድ ይሆናል። መሸፈኛ ተብለው የሚቀርቡት ጥቁር ድንጋይ፣ ኮብልስቶን፣ ሲሚንቶ የጠጣ ጆንያ፣ የፕላስቲክ ሣርና ከሐይቅ ዳር የሚመጣ ተክል ናቸው። በእኛ ሚዛን ድንጋዩ ሁሉንም ይበልጣል፤ ግን የሚበልጠው መደብ፣ ማለትም የሚቀመጥበት ደረጃ፣ ካለው ብቻ ነው።

ስለ ላስቲኩ ጥቂት ነገር ይቅደም። ለግቢ ኩሬ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። 1 ሚሊው ጠንካራ ቢሆንም ማዕዘን ላይ አልታጠፍ ይላል፤ እጥፋቱ እንደ ካርቶን እየተቃና ድንጋዩን ይገፋል። በሙቀት ደግሞ ይለጠጣል፦ 7 ሜትር ላስቲክ ከጠዋቱ 20 ዲግሪ ወደ ቀትሩ 50 ዲግሪ ሲደርስ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በፀሐይ ተወጥሮ ጠርዙ የተቀበረ ላስቲክ ሌሊት ሲሰበሰብ የያዘውን ሁሉ ይጎትታል። ስለዚህ ጠርዙ የሚታሰረው ኩሬው ውኃ ከያዘ በኋላ፣ በማለዳ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ምንም ነገር አለመጣበቁ ነው። ሲሚንቶም፣ ሲልከንም፣ ማስቲሽም አይዙትም። ግንበኛ በቀጥታ የለሰነበት ነገር ውሎ አድሮ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ድንጋዩን የሚይዘው ክብደቱና የተቀመጠበት መደብ እንጂ ሞርታሩ አይደለም።

መደቡ የሚወጣው ሲቆፈር ነው። ከታሰበው የውኃ ከፍታ 20 ሴንቲ ዝቅ ብሎ፣ 30 ሴንቲ ስፋት ያለው ደረጃ ዙሪያውን ይተዋል። ወለሉ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ግቢው በኩል፣ 2 ሴንቲ ያዘነብላል፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ድንጋዩ አንድ ቀን ውኃው ውስጥ ይገኛል። ላስቲኩ መደቡን ተከትሎ ይነጠፋል፣ ከላዩ ቁራጭ ላስቲክ ወይም ሁለት እጥፍ የማዳበሪያ ከረጢት ይደረባል፣ ድንጋዩ እዚያ ላይ ይቀመጣል። 25 ሴንቲ ቁመት ያለው ድንጋይ ከውኃው በላይ 5 ሴንቲ ይታያል፣ 20ው ሰምጦ ይቀራል። በበጋ ፀሐይ ከኩሬው በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ይተናል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቢቆይ 7 ሴንቲ ገደማ ይወርዳል፣ ያኔም ዓይን የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ ነው።

የላስቲኩ ጫፍ ከድንጋዩ ጀርባ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከአፈሩ 3 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ውጭ ውጩን 02 የሚባለው የግንባታ ጠጠር ይደፋበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጫፉ አፈር ውስጥ ተጋድሞ ከተቀበረ ወይም ሰርዶ ከወጣበት፣ አፈሩና ሥሩ እንደ ኩራዝ ክር ውኃውን ወደ ውጭ ይስቡታል። ውኃው በቀን ከ1 ሴንቲ በላይ ከወረደ ላስቲኩ ተቀደደ ብሎ ከመበርበር በፊት በዙሪያው እርጥብ አፈር መፈለግ ይሻላል።

መደቡ ዙሪያውን በእኩል ከፍታ ላይ መሆኑን በዓይን ማመን አይቻልም። ባለ 4 ሜትር ኩሬ ላይ አንደኛው ዳር 3 ሴንቲ ቢያዘቀዝቅ፣ በሌላው በኩል 3 ሴንቲ ላስቲክ ተራቁቶ ይቀራል። ችካል ተክሎ በቱቦ ውኃ ልክ መለካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ከመደቡ ሥር 15 ሴንቲ አፈር ወጥቶ በምትኩ ገረገንቲ (ለመሙያ የሚሆን ጠጠራም አፈር) ይጠቀጠቃል፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የተስተካከለውንም ያዛባል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ጥቁር ድንጋይ፦ 5 ከ5። በአካባቢው ሞልቷል፤ ደግሞ ጥቁር በጥቁር ላይ ስለሚሆን በመሐል አልፎ የሚታይ ላስቲክ እንኳ ጥላ ይመስላል። ለ4 በ3 ሜትር ኩሬ ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ 30 ሴንቲ ርዝመት ያላቸው ከ50 እስከ 55 ድንጋዮች ይበቃሉ። መቀመጫቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ይመረጡ። አዲስ የተፈለጠ ድንጋይ ጠርዙ ምላጭ ነውና ሥሩ በመዶሻ ይመታ። ከጀርባ እርስ በርስ ለማያያዝ አንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከሦስት እጥፍ አሸዋ ጋር ይበቃል። ሲሚንቶ የነካው ውኃ ዓሣ ይገድላል፤ ኩሬው ሞልቶ ሦስት ቀን ይቆይና ይደፋ፣ ይህ ሦስት ጊዜ ይደገም፣ ከዚያ ቆረሶ የሚባለው ዓሣ ይግባ።

ኮብልስቶን ለውኃ ዳር 2 ከ5 ነው። 10 ሴንቲ የሆነ አንዱ ኪዩብ 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ እግር ሲነካው ላስቲኩ ላይ ይንሸራተታል። ከጠጠሩ ውጭ ለእግር መሄጃ ቢነጠፍ ግን ያምራል።

መደብ ሳይኖረው ለተሠራ ኩሬ ያለው አማራጭ ጆንያ ነው፤ 3 ከ5። የቃጫ ጆንያ መሆን አለበት፣ የማዳበሪያ ከረጢት ሲሚንቶ አይጠጣም። እኩል ሲሚንቶና ደቃቅ አሸዋ እንደ ሽሮ ወጥ ወፍሮ ይበጠበጣል፣ ጆንያው ይነከራል፣ ላይኛው ጫፉ በከባድ ድንጋይ ተይዞ ከውኃው በታች 30 ሴንቲ ድረስ ይንጠለጠላል። ውኃው እስኪሞላ 7 ቀን እርጥበቱ እንዳይደርቅ ይጠበቃል። ውጨኛው ጫፍ አፈር ከነካ ግን ያው የኩራዝ ክር ነው።

የፕላስቲክ ሣር 1 ከ5፤ ያቺም አንዷ በሠርግ ሰሞን ፎቶ ላይ ስለሚያምር ነው።

ከተክል ደንገል ዓይን ይስባል፤ ግን ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ስለሚሄድ ትንሽ ኩሬን ይውጣል። አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ተተክሎ መደቡ ላይ ሲቀመጥ ይገራል። ፊላ ስስ ላስቲክ የሚወጋ ሹል ሥር ስላለው ይቅር። ከሐይቁ ጭቃ ጋር የመጣ ማንኛውም ተክል ሥሩ እስኪጠራ ይታጠብ፤ የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዳሩ በተክል ሲጨናነቅ ቢንቢ ይራባል፤ ስለዚህ ዓሣው እንዲገባበት ክፍተት ይተው።

ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ስለሚል ኩሬው ለጽዳት ከተደፋ ላስቲኩ ከሥር እንደ ፊኛ ተነፍቶ መደቡ ላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ይገለብጣል። ማጽዳት ያለበት ሰው ኅዳርን ይጠብቅ።