ድንገት ላነከሰ ውሻ ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም

ውሻችን ከደረጃ ዘሎ ሲወርድ የኋላ እግሩን መርገጥ ስላቃተው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ እየመጡ ከሚያክሙ የእንስሳት ሐኪሞች አንዱን ጠራን። ገና በስልክ ሳለን የሰጠን ምክር ብቻውን ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ ለሰው የሚታዘዘው ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ስለሚጎዳ፣ ፓራሲታሞልም ሊመርዘው ስለሚችል፣ ቤት ካለው መድኃኒት አንዳች እንዳንሰጠው አጥብቆ አስጠነቀቀን። ሕመም የጠናበት ውሻ አሳዳጊውንም ሊነክስ ስለሚችል አፉን በፋሻ ሸብ እንድናደርግ፣ የሚያስመልሰው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን ፈጽሞ እንዳናስረው ነገረን።

እንደ መጣም ወደ ተጎዳው እግር አልተጣደፈም። የድድ መገርጣት የውስጥ መድማትን ሊያመለክት ስለሚችል አስቀድሞ ድዱን አየ፤ ቀጥሎም ከጤነኛው እግር ጀምሮ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ይህን ትዕግሥቱን ከልብ አደንቃለሁ። ለውሻ የተዘጋጀ ሜሎክሲካም የተባለ የሕመም ማስታገሻ በክብደቱ ልክ ሰጥቶ፣ ከምግብ ጋር እንዲወስድና ያለ ገመድ እንዳይወጣ አዘዘ።

የአገልግሎቱ ጉድለት ራጅ አለመኖሩ ነው፤ ስለዚህ እግሩ የተጣመመ ወይም አጥንቱ የወጣ ውሻ ያለው ሰው ጊዜ ሳያባክን በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ቢወስደው ይሻላል። ክፍያውም ከክሊኒክ ይበልጣል፤ ሆኖም የተጎዳን እንስሳ በመኪና ከማንገላታት ስለሚያድን፣ ለቀላል ጉዳት ደግሜ እጠራዋለሁ።